የመሸበት እንግዳና የታደሰ ሆቴል

ታድሶ ለእንግዳ ክፍት የሆነ አሮጌ ሆቴል ከሌላው ቅርስ የሚለየው ሰው የሚያድርበት በመሆኑ ነው። ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሲሆን አልጋው በገመድ ይታጠራል፤ ጎብኚ በሩቁ አይቶ ይወጣል። አሮጌ ሆቴል ውስጥ ግን ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ይተኛል፤ ሌሊት ውሃ ሲጠማው ይነሣል፤ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። ትናንት የማያውቀው ሰው የተኛበት ክፍል ለአንድ ሌሊት የእሱ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ የሌላ ነው። በዚህ ምክንያት የሆቴል እድሳት ከግድግዳና ከጣሪያ ያለፈ ጥያቄ ያስነሣል። ምኑ ሲቀር ነው ቤቱ ያው ቤት የሚባለው? የሚታደሰውስ ማን እንዲያድርበት ነው?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ይመቻል። በአንደኛው ጫፍ ፒያሳ ላይ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል አለ። በሌላኛው ጫፍ ናይሮቢ ውስጥ ኖርፎክና ስታንሊ የተባሉት ሆቴሎች አሉ። የሦስቱም ዕድሜ ከመቶ ዓመት በላይ ነው፤ ሦስቱም እሳት ወይም ፈንጂ ደርሶባቸው እንደገና ቆመዋል። ከሁለቱም ዋና ከተሞች 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ መንገዱ እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለችው ሞያሌ ትገኛለች። ሞያሌ ዝነኛ የታደሰ ሆቴል የላትም፤ መንገደኛ በማሳደር ግን ከሦስቱም የምታንስ አይደለችም።

በእነዚህ አገሮች ሆቴል ከመምጣቱ በፊት ማደሪያ አልጠፋም ነበር። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱ እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ መደቡን ለቆ ያሳድረዋል። በቦረና ዘንድም እንግዳ ወተት ሳይቀምስ መሸኘት የለበትም፤ ለክብሩም በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ቡና ቀላ፣ ይቀርብለታል። ለዚህ ሁሉ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። የሥርዓቱ ትልቅነት አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ የራሱ ክብደት ነበረው። እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያምን ይጠየቃል። ባለቤቱን ያላረካ መልስ የሰጠ ደጅ ላይ ሊቀር ይችላል። ተቀባይነት ያገኘውም ቢሆን ሲሄድ ውለታ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ሆቴል ያመጣው አዲስ ነገር እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ውለታን ይተካል፤ የከፈለ ሰው ዘሩን ሳይቆጥር ያድራል፤ ሲሄድም ለማንም ባለዕዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ተከፍቶ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ሲሆን፣ የከተማው ሰው ይህን አዲስ ነገር በቀላሉ አልተቀበለውም። ሲነገር በቆየው ታሪክ መሠረት ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት አሳፋሪ ስለነበር ሆቴሉ ያለ ተመጋቢ ሰነበተ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ከዚያ ወዲያ መኳንንቱ እርስ በርስ መጋበዝ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ ይነገራል። ነገሩ ግን የጨዋታ አይደለም። ንጉሥ ማብላት እንጂ ምግብ መግዛት የማይጠበቅበት ሰው ነው፤ ግብር አብልቶ ሺህ ሰው የሚያጠግብ እጅ ለአንድ ሳህን ወጥ ገንዘብ ሲቆጥር፣ በንጉሡና በማንኛውም ተመጋቢ መካከል የነበረው ልዩነት በዚያ ገበታ ላይ ለጊዜው ተነሣ። ሆቴሉን እቴጌይቱ ማሠራታቸውም በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። አዲስ አበባን ስም ያወጡላትና ለከተማነት ያበቋት እሳቸው ናቸው፤ ከተማ ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው የሚያድሩበት ቦታ ነው። በዚያ ከተማ ለማይተዋወቁ ሰዎች ቤት መሥራት መሥራቿ ለሥራቸው ያበጁት ተፈጥሯዊ ቀጣይ እርምጃ ነበር።

የሆቴሉን ነባር ሕንፃ ቀርቦ ያየ ሰው ከጌጡ ይልቅ እንጨቱን ያስተውላል። ሰፊው የእንጨት ደረጃ ወደ ላይ ይወስዳል፤ ወለሉ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ረጅም ነው። ከላይኛው ክፍል የሚኖር እንግዳ እርምጃው ከታች እንደሚሰማ ስለሚያውቅ ሌሊት ላይ በቀስታ ይራመዳል። ምሳ ላይ ሆቴሉ በሚታወቅበት የጾም ቡፌ ዙሪያ የሰፈሩ የቢሮ ሠራተኛና ሻንጣውን በጀርባው ያዘለ የውጭ መንገደኛ ሳህናቸውን ይዘው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን እየቀዱ ያልፋሉ። ንጉሡ ከፍለው የበሉበት ቤት ዛሬም ተራ ሰው ከፍሎ የሚበላበት መሆኑ ከማንኛውም የተቀረጸ ምሰሶ ይበልጣል።

እሳት ይህን ቤት ያገኘው ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነው። የነባሩ ሕንፃ ብዙ ክፍል ተቃጠለ፤ የቀድሞው ዘመን ድምፃውያን ማታ ማታ ይዘፍኑበት የነበረው ጃዛምባ የሙዚቃ አዳራሽም አብሮ ጠፋ። የከተማው ሰው ሐዘን ከንብረት ሐዘን በላይ ነበር፤ በዚያ ቤት አንድም ሌሊት ያላደረ ሰው ሳይቀር የራሱ ነገር የተቃጠለበት ያህል ተቆጨ። በኋላ ጥገና ተደረገለት። ጥገናው ሲነሣ የድሮው ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም፤ ወለሉ አዲስ፣ ጣሪያው አዲስ፣ ሽቦው አዲስ ከሆነ ቤቱ የእቴጌ ጣይቱ ነው ማለት ይቻላል?

የግሪክ ፈላስፎች ሳንቃዋ አንድ በአንድ ስለተቀየረላት የቴሴዎስ መርከብ ይህንኑ ጠይቀዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደብር ነው። ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ ሲፈርስ ታቦቱ ወደ መቃኞ ይገባል፤ አዲሱ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ በእልልታ ይመለሳል። ግድግዳው ትናንት የተገነባ ቢሆንም ደብሩ የመቶ ዓመት ደብር ነው፤ ማንም አዲስ ደብር ብሎ አይጠራውም። ደብሩን ያው ደብር የሚያደርገው በውስጡ የሚፈጸመው አገልግሎት አለመቋረጡ ነው። ሆቴል የተቀደሰ ቦታ አይደለምና ንጽጽሩን ከዚህ በላይ መግፋት አይገባም፤ ሆኖም የነገሩ አካሄድ አንድ ነው። ሆቴልን ያው ሆቴል የሚያደርገው እንግዳ መቀበሉ ነው። እንጨቱ ሁሉ የጥንት ሆኖ በሩ የተዘጋ ሆቴል የሆቴል ቅሪት ነው፤ ግማሹ ተቃጥሎ በቀረው ግማሽ እንግዳ የሚያሳድር ግን ሆቴል ነው።

ይህ ማለት እንጨቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ቅርስን ለማኅበረሰብ የሚጠቅም አገልግሎት መስጠት ጥበቃውን እንደሚያግዝ ካስታወቀ በኋላ፣ አገልግሎቱ የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ ጥገናም ግምት በሚጀምርበት ላይ ማቆም አለበት ይላል። በኢትዮጵያም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲንከባከበው ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ጥገና እንዳያደርግም ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ የሚፈተነው ግን በአናጢና በግንበኛ እጅ ነው። በምኒልክ ዘመን የነበሩ ብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ድንጋያቸው የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲስብ መልሶ ይተነፍሰዋል። ለጥንካሬ ተብሎ በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ እንደሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ግድግዳው ከውስጥ ይላላል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ በራሱ ጊዜ ተላጦ ይወድቃል። የጥድና የዝግባ ሳንቃ በሴራሚክ ሲተካ ደግሞ ክፍሉ ይጸዳል፤ ድምፁ ግን ይጠፋል። ሌሊት ከላይ የሚራመደው ሰው አይሰማም፤ ያ ድምፅ ሲጠፋ እንግዳው ከእሱ በፊት ብዙ እግሮች በዚያ እንዳለፉ የሚያውቅበት መንገድ አንዱ ይዘጋል።

እንግዳው በእርግጥ የሚፈልገው ምንድን ነው? ዝናን ብቻ የሚፈልግ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ በራስ ሆቴል እንዳረፉ ይነገራል፤ ሆቴሉም ያረፉበትን ክፍል በስማቸው ያስታውሰዋል። እንዲህ ያለ ክፍል ያየ ሰው ትልቅ ሰው ከነበረበት ቦታ መድረሱን ይወደዋል፤ ይህም ጤናማ መውደድ ነው። ግን የአሮጌ ሆቴል ጥልቅ ነገር ስማቸው ባልተጻፈ እንግዶች ዘንድ ነው። በአንድ አልጋ ላይ በመቶ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንደተኛ ማን ያውቃል? ነጋዴው፣ ሙሽሮቹ፣ ለሕክምና ከገጠር የመጣው፣ ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርበው፣ ሁሉም በተራ ተኝተው ሄደዋል። ሰው በዚህ ዓለም እንግዳ ነው የሚለው የአባቶች ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ ምክር ነው፤ በአሮጌ ሆቴል ክፍል ውስጥ ግን በዓይን የሚታይ እውነት ነው። ባለቤት ነኝ የሚለውም በሰነድ እንጂ በእንግድነት ከእንግዳው የተለየ አይደለም፤ እቴጌይቱ አልፈዋል፣ ከእሳቸው በኋላ ሆቴሉን የያዙትም በየተራቸው አልፈዋል፣ ክፍሉ ግን ቀጣዩን እንግዳ ይቀበላል።

የናይሮቢ ሆቴሎች ይህን ሐሳብ የሚያከብዱት ናቸው። ኖርፎክ እ.ኤ.አ. በ1904 የገና ዕለት ተከፈተ። የተሠራው ለነጭ ሰፋሪዎችና ለአዳኞች ነበር፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ለአደን ሲመጡ እዚያ አርፈዋል። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ጥቁር ሰው በዚያ ቤት የሚገባው በእንግድነት ሳይሆን በአገልጋይነት ነበር። ስለዚህ ገንዘብ የከፈለ ማንም ያድራል የሚለው የሆቴል ቃል ኪዳን ከመጀመሪያው ተጥሶ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1922 ሃሪ ቱኩ የተባለው የፖለቲካ መሪ መታሰሩን የተቃወሙ ሰዎች በአቅራቢያው ባለው ፖሊስ ጣቢያ ፊት ተሰበሰቡ። ፖሊስ ተኮሰ፤ በሆቴሉ በረንዳ ላይ የነበሩ ሰፋሪዎችም አብረው እንደተኮሱ ተመዝግቧል። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሕዝቡን ያነሣሣችው ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ ከሟቾቹ አንዷ ናት።

ዛሬ ያ በረንዳ ጽዱና ውብ ነው። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ1980 የመጨረሻ ምሽት በፈንጂ ተመትቶ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ከሞቱበት በኋላም ተሠርቶ ቆሟል። እድሳት ከባዱን ነገር የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰበረውን ሲጠግን የተሠራውንም ግፍ አብሮ ሊለስነው ይችላል። በግድግዳው ላይ የአዳኞችና የመኳንንት ፎቶ ሰቅሎ የበረንዳውን ጥይት የሚረሳ እድሳት ቤቱን አላደሰም፤ ታሪኩን ቆርጦ ጥሏል። በናይሮቢ ግን ከተማዋ አንድ ትክክለኛ ነገር አድርጋለች። ሆቴሉ ያለበት መንገድ ሃሪ ቱኩ መንገድ ይባላል። እዚያ ለማደር የሚመጣ እንግዳ አድራሻውን ለታክሲ ሲናገር፣ ወደደም ጠላም፣ የዚያን ሰው ስም ይጠራል።

ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1902 የተመሠረተ ነው፤ ሜየንስ ቤንት የተባለች ሴት አቋቋመችው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተቃጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ዛሬ ወዳለበት ቦታ ተዛወረ። ያለበት ጎዳና አሁን ኪማቲ ጎዳና ነው፤ ቅኝ ገዢዎች የሰቀሉት የማው ማው መሪ ዴዳን ኪማቲ ሐውልት በዚያው ጎዳና ላይ ቆሟል። የስታንሊ ዝና ግን ከዛፉ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በተከፈተው ካፌው መሀል አንድ ግራር ነበር። አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች ለጓደኞቻቸው የጻፉትን ወረቀት በግንዱ ላይ ይሰኩ ነበር፤ ወደ ሰሜን ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ የት እንገናኝ የሚል። ስልክ በኪስ በሌለበት ዘመን ከናይሮቢ ወደ ሞያሌና ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና ሰው የመጨረሻ ቃሉን የሚተወው እዚያ ነበር። ዛፉ ከዚያ ወዲህ ሞቶ በሌላ ተተክቷል፤ ካፌው ግን ዛሬም በግራሩ ስም ይጠራል።

የታደሱት ሆቴሎች ሁሉ የሚገናኙበት ፈተና ዋጋ ነው። እድሳት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ያ ገንዘብ ከእንግዳው ኪስ መመለስ አለበት። ክፍሉ ሲያምር ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ የከተማው ሰው ይርቃል። ኖርፎክና ስታንሊ ዛሬ በቀለም የሚያግዱት ሰው የለም፤ ከከተማው ነዋሪ ብዙው ግን በአልጋቸው ለማደር አቅም የለውም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በዚህ በኩል የተሻለ ነገር ይዟል፤ የሚያድርበት ባይኖር እንኳ ምሳ በልቶበት የሚወጣ የሰፈር ሰው አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ ብዙ ነባር ቤቶች ሲፈርሱና ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄዱ፣ ይህ ነገር የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። ሰፈሩ ተነሥቶበት ብቻውን የቀረ አሮጌ ሆቴል ማን ምሳ ይበላበታል? ጥያቄው ለከተማው አስተዳዳሪዎች የሚቀርብ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሕንፃን ከመፍረስ ማዳን ግማሽ ሥራ ነውና።

ሞያሌ ከዚህ ሁሉ ራቅ ያለች ብትመስልም በዕድሜ የእቴጌይቱ ሆቴል እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያና ብሪታንያ የኬንያን ድንበር የወሰነውን ስምምነት የፈረሙት ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው፤ ሆቴሉ በተከፈተበት በዚያው ዓመት። መስመሩ ሲሰመር እንግዳ ያልነበሩ ሰዎች፣ የአንድ ጎሣ ልጆች፣ በማግሥቱ ለሁለት መንግሥታት እንግዳ ሆኑ። እንግሊዞች በኬንያው በኩል ምሽግ ሠሩ፤ በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከበው ያዙት፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ተመልሶ በእንግሊዞች እጅ ገባ። ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂና ሶማሌ በዚያ ሁሉ መሀል ከብት ሸጡ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ መንገደኛ አሳደሩ።

በኬንያው ሞያሌ አንድ ተራ ሎጂንግ ከታዋቂዎቹ ሆቴሎች የሚለየው በሁሉም ነገር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ክፍሎቹ በግቢው ዙሪያ በረድፍ ይደረደራሉ፤ በር ላይ ቁልፍ፣ አልጋ ላይ አጎበር ይንጠለጠላል። ውሃ ችግር በሆነባት ከተማ ለመታጠቢያ የሚሰጠው በጀሪካን ነው። ከመግቢያው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ትልቅ መዝገብ ይቀመጣል፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት፣ ወዴት ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል። በኬንያ ከኢሲዮሎ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት ሳይሠራ፣ መንገደኛ ከብት በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ በሽፍታ ፍራቻ በታጠቀ አጀብ ለቀናት ሲጓዝ፣ ያ አልጋ የቅንጦት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነበር። አስፋልቱ ከተጠናቀቀና የጋራ የድንበር ኬላው ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሰው ሌሊቱን አውቶብስ ላይ ያሳልፋል። መንገድ ሲያምር ማደሪያ ይቀንሳል። ሆቴል የሚያረጀው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ጥሎት ሲሄድም ያረጃል።

ቅርስ ማለት የመኳንንት ቤት ብቻ ከሆነ ሞያሌ የሚታደስ ነገር የላትም። የሆቴል ታላቅነት የማያውቁትን ሰው መቀበል ከሆነ ግን እነዚያ የቆርቆሮ ክፍሎች ከኖርፎክ በረንዳ ይልቅ የሆቴልን ቃል ኪዳን ጠብቀዋል። የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የስዋሂሊ ተናጋሪ በአንድ ግቢ አድሮ፣ በአንድ ጀሪካን ታጥቦ በየመንገዱ ሄዷል። በረንዳቸው ላይ ማንም ቆሞ በማንም ላይ እንዲተኩስ አልተሠሩም።

ስለዚህ በሁለቱም ሞያሌዎች አሮጌ ሎጂንግና አልቤርጎ ያላችሁ ሰዎች፣ ቆርቆሮውን መቀየር ካለባችሁ ቀይሩ፤ ግድግዳውንም አድሱ፤ እንግዳ የሚመጥነው ቤት ይገባዋል። ከማደሳችሁ በፊት ግን ግቢውን ፎቶ አንሡ፤ በመጀመሪያ ማን እንደሠራው ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። ከሁሉ በላይ አሮጌዎቹን የእንግዳ መዝገቦች አትጣሉ፤ ለስኳር መጠቅለያም አትስጡ። ከየትና ወዴት የሚሉት ዓምዶች የዚህን መንገድ ታሪክ በራሳቸው በመንገደኞቹ እጅ የያዙ ናቸው። በደረቅ ቦታ፣ ምስጥ በማይደርስበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጧቸው፤ የምታምኑት ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲገኝም ቅጂውን ስጡ።